ሁለት አንድ ዓይነት ቁልፎች

ዘርፈሽዋል ጀርመን አገር፣ ኒድ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከባሏ ከኢማኑኤል ጋር ትኖራለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የመለኪያ መሣሪያ በሚሠራ አነስተኛ ኩባንያ ውስጥ ሶፍትዌር ትፈትሻለች፤ ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም እየነካካች የት ላይ እንደሚበላሽ ታያለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስትፈልግ የኖረች ሴት ናት። የራሴ የምትለው ሥራ ግን ክራኒሽ ነበር።

ክራኒሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ስሙን የሚያውቁት ሰዎች ቢሰበሰቡ አንድ አዳራሽ አይሞሉም። ሄር ፎልራት የሚባሉ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከሠላሳ ዓመት በፊት ለትንንሽ የመለኪያ ማሽኖች ጻፉት። ዛሬም ጅረት ዳር ተተክለው የውሃ ከፍታ የሚለኩ ሳጥኖችና ጥቂት የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች ይሠሩበታል። ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል፣ ለዓመታትም ሳይጠፋ ይሠራል። ፎልራት ጡረታ ሲወጡ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረጉት፤ ዘጠኝ በጎ ፈቃደኞች ተከፋፍለው ያዙት። የኔትወርኩ ክፍል ለዘርፈሽዋል ደረሳት። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል።

ክራኒሽ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ከሩቅ ሆኖ ወደ ማሽኑ የሚገባ ሰው የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ፣ ቃሉ ሳይሸፈን እንዳለ በኔትወርኩ ላይ ይሄዳል። መሐል ላይ የተቀመጠ ማንም ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰዎች ያንን መግቢያ ዘግተው፣ አንዲት ቁጥር ለመለወጥ እንኳ ኬብል ይዘው ጅረቱ ድረስ ይሄዱ ነበር። ሌላው ዓለም ኤስኤስኤች የሚባለውን፣ ንግግሩን ሁሉ በምስጢር የሚቆልፈውን መግቢያ መጠቀም ከጀመረ ስንት ዘመኑ! ዘርፈሽዋል ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሪደርቫልድ በሚባል ሰፈር በተደረገው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «ለከርሞ ኤስኤስኤች ክራኒሽ ውስጥ ይገባል። እኔ አስገባዋለሁ» አለች። ተጨበጨበላት።

ከርሞ መጣ፤ አልገባም። ዘርፈሽዋል ሁሉንም ከሀ ጀምራ በራሷ እጅ ልትጽፈው ፈልጋ ነበር። የሰው ኮድ መዋስ አልወደደችም። አሥራ አራት ሺህ መስመር ጽፋ፣ ማሽኑ አንድም ሰው ማስገባት አልቻለም። በስብሰባው ላይ «ትንሽ ይቀረዋል» አለች፤ ጭብጨባ አልነበረም።

ራሕዋን ወደዚህ ነገር ያስገባቻት እሷው ናት። ራሕዋ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዚንድሊንገን የሚባል ሰፈር ትኖራለች፣ እዚያው ባለ የኬሚካል ላቦራቶሪ በሺሽት፣ ማለትም በፈረቃ፣ ትሠራለች። አዲስ አበባ ተወልዳ እስከ ሦስተኛ ክፍል ከተማረች በኋላ ቤተሰቧ ወደ አስመራ ስለሄደ፣ አማርኛዋ ውስጥ ትግርኛ ይሰማል። ከአራት ዓመት በፊት ዘርፈሽዋል ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ ማእከል ለሴቶች ፕሮግራሚንግ ስታስተምር፣ ከስምንቱ ተማሪዎች ጥያቄዋ የማያልቀው ራሕዋ ነበረች። መጀመሪያ «አንቱ» ስትላት ዘርፈሽዋል ሳቀች።

«አንቺ በይኝ እንጂ። አሮጊት አደረግሽኝ እንዴ?»

ኮርሱ ሲያልቅ ቤቷ እየጠራች፣ ማድቤቷ ጠረጴዛ ላይ ክራኒሽን አንድ በአንድ አሳየቻት። ለሄር ፎልራት «ተማሪዬ ናት» ብላ ጽፋ ያስተዋወቀቻትም እሷ ናት። ያኔ ደስ ብሏት ነበር። ተማሪ ያለው ሰው መሆን ደስ ይላል።

ፌብሩዋሪ ውስጥ አንድ እሑድ፣ ዘርፈሽዋልና ኢማኑኤል ከአምልኮ ተመልሰው ምሳ እንደበሉ ራሕዋ ደወለች።

«ዘርፌ፣ ቤት ነሽ? አንድ ነገር ላሳይሽ።»

መጣች። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ «ላፕቶፕሽን ክፈቺ» አለቻትና አንድ አድራሻ በወረቀት ሰጠቻት። ዘርፈሽዋል ጻፈችው። ማያው ለሁለት ሴኮንድ ያህል ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ «ክራኒሽ» የሚል ቃል ብቅ አለ። ዚንድሊንገን፣ የራሕዋ ማድቤት መስኮት ላይ የተቀመጠች፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል ማሽን ውስጥ ገብታ ነበር። በኤስኤስኤች።

«ይሄ እንዴት ሆነ?» አለች ዘርፈሽዋል።

«አራት ወር ፈጀብኝ። እኔ አዲስ አልጻፍኩም። ለትንንሽ ማሽኖች የተሠራ፣ ለማንም የተፈቀደ ኮድ አለ፣ እሱን ወሰድኩት። ክራኒሽ የጎደለውን ብቻ ነው የሠራሁለት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባይሳካልኝ አፍር ነበር። ደግሞ አንቺ በራስሽ መንገድ እየሠራሽ ነው። ላቋርጥሽ አልፈለግኩም።»

የራሕዋ ፊት ያበራ ነበር። ሮጣ የመጣች ሰው ይመስል ትንፋሿ እንኳ አልተረጋጋም። ከዘርፈሽዋል አንዲት ቃል ብቻ ይበቃት ነበር፤ «ጎበዝ» የምትለው። ዘርፈሽዋል ግን አላለቻትም።

«የስህተት መልእክቶቹ ላይ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ተደበላልቋል» አለች። «ይስተካከል። ሌላውን ገምግሜ እልክልሻለሁ።»

«እሺ» አለች ራሕዋ፣ ወረቀቷን መልሳ ተቀብላ ጻፈችው።

ራሕዋ ከሄደች በኋላ ዘርፈሽዋል የራሷን ፋይሎች ከፈተች። የሁለት ዓመት ሥራዋን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ መልሳ ዘጋችው። አራት ወር! ከሺሽት እየተመለሰች፣ እግሯ እያበጠ፣ አራት ወር ብቻ።

በማግስቱ ሄር ፎልራት ለሁሉም አባላት ጻፉ። «ይህንን ለማየት አሥር ዓመት ጠብቄአለሁ። ራሕዋ፣ እጅሽ ይባረክ» የሚል ነበር። ከታች ደግሞ፣ «ዘርፈሽዋልም ሥራውን ለመገምገም ስለተስማማች አመሰግናለሁ።» ዘርፈሽዋል ኤስባን በሚባለው የከተማ ባቡር ውስጥ ቆማ ስድስት ጊዜ አነበበችው። ስሟ አንድ ጊዜ ነው የተጠራው፣ ያውም በመጨረሻው መስመር ላይ። የአሥራ አንድ ዓመት ድካም «ለመገምገም ስለተስማማች» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናቱ አልለቀቃት አለ። መዝሙር እየዘመረች «እኔ ባላስተምራት» ትላለች በሆዷ። ሥራ ቦታ፣ የሰው ፕሮግራም እየፈተሸች፣ «ማድቤቴ ውስጥ ቁጭ ብላ ነው የተማረችው» ትላለች። አባላቱ ራሕዋን ጥያቄ ሲጠይቁ፣ ራሕዋም ስትመልስ፣ መልሱ ላይ ስህተት ትፈልጋለች፤ ስታጣ ቆሽቷ ያርራል። ግምገማውን ሆን ብላ ሦስት ሳምንት አዘገየችው። ስትልከው አርባ አንድ አስተያየት ነበረበት፤ ሠላሳ ያህሉ በመስመሮች መካከል ስላለ ክፍት ቦታና ስለ ስም አጻጻፍ ነው። ራሕዋ በሁለት ቀን ሁሉንም አስተካክላ፣ «ዘርፌ፣ ስለ ትዕግሥትሽ አመሰግናለሁ» ብላ መለሰችላት። ከነቀፋ ይልቅ ያ ምስጋና አንገበገባት።

አፕሪል አጋማሽ ላይ ዘርፈሽዋል ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። ሁለት ተመሳሳይ ማሽኖች ገዝታ ነበር፤ የራሕዋን ሥራ ጫነችባቸውና በአንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ሰክታ በአንድ ጊዜ አበራቻቸው። እያንዳንዱ ማሽን መጀመሪያ ሲነሣ የራሱን የምስጢር ቁልፍ ይሠራል። ቁልፉ ማንም ሊገምተው ከማይችል ቁጥር መሠራት አለበት። ዘርፈሽዋል የሁለቱን ማሽኖች ቁልፎች ማያው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

አንድ ናቸው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው።

አጥፍታ አበራቻቸው፤ ቁልፎቹን ደምስሳ እንደገና አሠራቻቸው። አሁንም አንድ። ራሕዋ ቁጥሩን የምትወስደው ከማሽኑ ሰዓት ብቻ ነበር፤ የሰዓት ባትሪ ሳይኖረው አዲስ የሚነሣ ማሽን ደግሞ ሰዓቱ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። አንዱን ማሽን የያዘ ሰው ሌላውን ነኝ ብሎ የባለቤቱን የይለፍ ቃል መቀበል ይችላል ማለት ነው። በሩ ተሠርቷል፤ ቁልፉን ግን ማንም ያገኘዋል።

ዘርፈሽዋል ከወንበሯ ተነሥታ ማድቤቱ ውስጥ ተመላለሰች። ከፌብሩዋሪ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። የማያውን ፎቶ አንስታ አስቀመጠችው።

ኢማኑኤል ከሥራ ሲገባ ስትዘምር አገኛት። እሱ የባቡር ነጂ ነው፤ ኮምፒውተር ብዙም አይገባውም። ነገሩን ግን አብራራችለት።

«ታዲያ ነገርሻት?» አላት።

«ሜይ ላይ ስብሰባ አለ። እዚያ እነግራታለሁ።»

«እዚያ የምትነግሪው ለእሷ አይደለም። ለሰዉ ነው።»

«ግምገማ የኔ ሥራ ነው ኢማኑኤል። መቼ እንደምናገር እኔ አውቃለሁ።»

ጫማውን አውልቆ በሩ ጥግ አስቀመጠ። አለመከራከሩ አናደዳት፤ ራቱን አቅርባለት ወደ ሌላው ክፍል ገባች።

ከሳምንት በኋላ ራሕዋ ደወለች። ከጀርባዋ የሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ ሺሽቷ ሊጀምር ነው።

«ዘርፌ፣ ከስብሰባው በፊት የሙከራውን ቅጂ ለአባላቱ ልላከው? የውሃ መለኪያ ያሏቸው ሄር ኬስለር ቶሎ ላኪልኝ እያሉ ነው። ፈራሁ ግን። አንቺ ካየሽው ይሻላል፤ የቀረ ነገር አለ?»

ዘርፈሽዋል ስልኩን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። አሁን ብትናገር በቃ ያልቅ ነበር። ራሕዋ «ጎሽ እንኳን አየሽው» ብላ አስተካክላ ትልካለች፣ ስብሰባው ላይም ይጨበጨብላታል። ያ ጭብጨባ ገና ሳይመጣ ጆሮዋ ውስጥ ተሰማት።

«የለም» አለች። «ላኪው።»

ስብሰባው ሪደርቫልድ ውስጥ አንድ የሰፈር ማኅበር በሚያከራየው ክፍል ነበር። ሃያ ስድስት ሰው መጣ፤ ለክራኒሽ ብዙ ነው። ሄር ፎልራት ከፊት ተቀመጡ፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል። ራሕዋ አዲስ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ ተነሣች። ስትጀምር ጀርመንኛዋ ይደናቀፍ ነበር፤ ወደ ሥራው ስትገባ ግን ድምፅዋ ተስተካከለ። ከዚያው ክፍል ሆና ዚንድሊንገን ያለውን ማሽኗን ከፍታ ስታሳይ፣ ፎልራት ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ሁለቴ መቱ። ሰዉ አጨበጨበ።

«ጥያቄ አለ?» አለች ራሕዋ።

ዘርፈሽዋል እጇን አወጣች። ራሕዋ ፈገግ ብላ በጣቷ አመለከተቻት።

«ሁለት አዲስ ማሽኖች በአንድ ጊዜ ቢበሩ ቁልፎቻቸው ምን ይሆናሉ?»

ራሕዋ አሰበች። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ከፊቷ ሲወርድ ዘርፈሽዋል አየችው። ይህንን ጊዜ ስንት ቀን ጠብቃዋለች! «አላ... አልሞከርኩትም» አለች ራሕዋ።

«እኔ ሞክሬዋለሁ።» ዘርፈሽዋል ወደ ፊት ወጣች፣ ላፕቶፗን ሰካች፣ ያነሣችውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አወጣችው። ሁለት ቁልፎች፣ አንድ ዓይነት። አደጋውን በጥሩ ጀርመንኛ፣ በተረጋጋ ድምፅ አስረዳች። ራሕዋ እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት አጣጥፋ ያዘቻቸው።

ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። ሄር ኬስለር ነበሩ፤ ከታውኑስ ተራሮች በሚወርድ ጅረት ላይ፣ ጎርፍ ሲመጣ ለመንደራቸው የሚያስጠነቅቁ አራት የውሃ መለኪያዎች ያሏቸው ሰውዬ።

«ፍራው ዘርፈሽዋል፣ ፎቶው ጥግ ላይ ቀን አለ» አሉ። «አፕሪል አሥራ ስድስት ይላል።»

ዘርፈሽዋል ወደ ግድግዳው ዞረች። ቀኑ እዚያው ነበረ፤ አላየችውም ነበር። የሰው ስህተት በመፈለግ የኖረች ሴት።

«የሙከራው ቅጂ የደረሰኝ በሃያ አምስት ነው» አሉ ኬስለር። «አራቱም መለኪያዎቼ ላይ ጭኜዋለሁ። ያን ጊዜ ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«ስብሰባውን ጠብቄ ነው» አለች። ዓረፍተ ነገሩ ከአፏ ሲወጣ እንዴት እንደሚሰማ ሰማችው። ፎልራት አላዩዋትም፤ ከዘራቸውን ነው የሚያዩት። የሃያ ስድስት ሰው ዓይን ከራሕዋ ላይ ተነሥቶ እሷ ላይ አረፈ።

በእረፍቱ ሰዓት ራሕዋ ደረጃው ላይ አገኘቻት። አላለቀሰችም።

«በስልክ ጠይቄዎት ነበር» አለች። «የቀረ ነገር አለ ብዬ። ላኪው አሉኝ።»

«ራሕዋ፣ ስሚኝ...»

«ሺሽት አለኝ። ልሂድ።»

ሄደች። ዘርፈሽዋል ደረጃው ላይ ቀረች። ከሁሉም ይልቅ ያቺ «አሉኝ» የምትለው ቃል ናት የቆረጠቻት። አራት ዓመት ሙሉ አንቺ ስትላት የኖረች ልጅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻት።

ለሦስት ቀን ዘርፈሽዋል ኢሜይል አልከፈተችም። ቅናቱ ይጠፋል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልጠፋም፤ ኀፍረት ተጨመረበት እንጂ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ኢማኑኤል ቡናውን እየጠጣ፣ «ሰውዬው መለኪያዎቹን ምን አደረጋቸው?» አላት።

«ስብሰባው ላይ፣ ከኔትወርክ አወጣቸዋለሁ ብሏል።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

ሥራ ደውላ ፈቃድ ጠየቀችና ሁለቱን ማሽኖች እንደገና አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። አንድ ነገር ታውቅ ነበር፤ በሥራዋ ስንት ጊዜ ያማረረችበት ነገር። የመለኪያ ሴንሰር አንድን ነገር ደጋግሞ ሲለካ የመጨረሻዋ አሃዝ አትረጋም፤ ትዘላለች። ማንም አስቀድሞ ሊገምታት አይችልም። ከዚያች የምትዘል አሃዝ ብዙ ጊዜ እየሰበሰበች፣ በቂ እስኪሆን ድረስ ማሽኑ ቁልፍ እንዳይሠራ የሚከለክል ኮድ ጻፈች። ሁለት መቶ መስመር አይሞላም። ሁለቱን ማሽኖች አንድ ሺህ ጊዜ አስነሣቻቸው፤ ሁለት ቁልፍ አልተመሳሰለም።

ለአባላቱ አልላከችውም። ለራሕዋ ብቻ ላከችው፣ ከሥሩም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የሥራው ባለቤት አንቺ ነሽ። ብትፈልጊ ውሰጂው፣ ባትፈልጊ ጣዪው። ያደረግሁትን አውቄ ነው ያደረግሁት። ይቅርታ።»

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ስለ ይቅርታው አንድም ቃል የለበትም። በኮዱ ላይ አሥራ ሁለት አስተያየቶች ነበሩ፤ አንዱም ስለ ክፍት ቦታ አልነበረም። ሁለቱ ዘርፈሽዋል ያላየቻቸው ትክክለኛ ስህተቶች ናቸው። ስታነብ ያው የድሮው ቅናት ተቀሰቀሰባት። ጥርሷን ነክሳ አስተካከለችና መለሰችላት።

የቀረው የሄር ኬስለር አራት መለኪያዎች ነበሩ። የድሮዎቹ ቁልፎች በኬብል፣ በቦታው ተገኝቶ ነው የሚለወጡት። ዘርፈሽዋል «እኔ እሄዳለሁ» ብላ ጻፈችላቸው። በጁን አንድ ቅዳሜ ኬስለር ከባቡር ጣቢያ በመኪናቸው ተቀበሏት። መጀመሪያ ብዙ አላወሩም። ሳማ በወረረው ዳርቻ ወርዳ፣ ጫማዋ ውሃ ገብቶበት፣ ሳጥኑን ከፍታ ኬብሏን ሰካች። ራሕዋ ደግሞ ቤቷ ሆና በስልክ ትጠብቃለች፤ አዲሱ ቁልፍ ሲሠራ ከዚያ ሆና ትሞክረዋለች።

«ተሠራ። ሞክሪ» ትላለች ዘርፈሽዋል።

«ገባሁ። ወደ ቀጣዩ ይሂዱ።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ እስከ ከሰዓት ቆዩ። አራተኛው ላይ ራሕዋ «ገባሁ» ስትል ኬስለር ሰምተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አሉና ሣንድዊች ሊያመጡ ወደ መኪናቸው ወጡ። ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

«ራሕዋ» አለች ዘርፈሽዋል። «ቀንቼ ነው።»

«አውቃለሁ።» አለች ራሕዋ። «ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አውቃለሁ። ያልፋል ብዬ ነው የጠበቅኩት። አለፈ?»

«አላለፈም። አሁን ገባሁ ስትዪ እንኳ...»

ከዚያኛው ጫፍ አጭር የትንፋሽ ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ዘርፈሽዋል አልለየችውም።

«የኔትወርኩን ክፍል አንቺ ያዢው» አለች። «ለፎልራት ዛሬ እጽፍላቸዋለሁ።»

«አልይዝም። ጊዜ የለኝም፤ ሴፕቴምበር ላይ የሙያ ፈተና አለብኝ። እርስዎ ይቀጥሉ። የኔን ሥራ ግን ብቻዎን አይገመግሙም። ሌላ ሰው አብሮ ያየዋል። ይህንን በጽሑፍ ለሁሉም ይላኩልኝ።»

ዘርፈሽዋል ኬብሏን ከሳጥኑ ነቀለች። በሁሉም ፊት እንድትጽፈው ነው የጠየቀቻት። የሚገባትን ነው የጠየቀቻት።

«እሺ» አለች።

ሳጥኑን ቆልፋ፣ በሳማው መሐል ወደ ላይ ስትወጣ ኬስለር አንዱን ሣንድዊች ዘረጉላት። የመኪናው ደፍ ላይ ተቀምጣ እየበላች፣ በእርጥብ ጣቷ ኢሜይሉን ስልኳ ላይ መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አጥፍታ ጻፈቻት፤ በሦስተኛው፣ ከራሷ ስምና ካደረገችው ነገር ጀመረች።